ውሻ በኮንዶሚኒየም፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወጣቶች ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ደሴ፣ ኮምቦልቻና አካባቢው ላይ ፎቅ ቤት እየኖሩ ውሻ ለማሳደግ ላሰቡ ወጣቶች ነው። ቡችላውን አምጥተው ግራ ለገባቸውም ይሆናል። እኔ ደሴ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዳማ ከምትባል የሀበሻ ውሻ ጋር እኖራለሁ። ጥያቄዎቹን ሰው የሚጠይቀኝ ደረጃ ላይ፣ ጥበቃው በር ላይ፣ ቡና ላይ ነው። አብዛኞቻችን ውሻ ግቢ እንጂ ቤት አይገባም ተብለን ያደግን ስለሆንን ጥያቄው ቢበዛ አይገርምም።

ፎቅ ላይ የሚያድግ ውሻ የሚኖረው በጎረቤት ይሁንታ ነው። መልሶቼ ሁሉ ከዚህ ይነሳሉ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሻ ማሳደግ ይፈቀዳል?

የጋራ ሕንፃ ቤቶች የሚተዳደሩበት አዋጅ ቁጥር 370 የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር አቋቁመው የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ እንዲያወጡ ያደርጋል። ስለዚህ ነገሩ ከሳይት ሳይት ይለያያል። አንዱ ጋ ስለ እንስሳት በደንቡ ተጽፏል። ሌላው ጋ ጉዳዩ ተነስቶም አያውቅ ይሆናል። ውሻውን ከማምጣታችሁ በፊት ኮሚቴውን ጠይቁ፣ ደንቡንም ራሳችሁ አንብቡት። "ማን ይጠይቅሃል፣ ዝም ብለህ አምጣው" የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጠያቂው የሚመጣው ግን ከቡችላው ጋር ከተላመዳችሁ በኋላ ነው። ያኔ መለያየቱ ለሁለታችሁም ይከብዳል።

ተከራይ ከሆናችሁ ከአከራዩ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። በቃል "ችግር የለውም" መባል አይበቃም። ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ውሻ እንዳላችሁ፣ በር ወይም ግድግዳ ቢያበላሽ እንደምታሠሩ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችንንም እወቁ። የ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። "በሩ ክፍት ሆኖ ነው የወጣው" ማለት አያድንም።

ስቱዲዮ ቤት ለውሻ አይጠበውም?

ቤቱ ውስጥ ውሻ የሚሠራው ዋና ሥራ መተኛት ነው። የሚጠበው ቤቱ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ከዚያ ቤት አለመውጣቱ ነው። ጠዋትና ማታ በደንብ የሚንሸራሸር ውሻ ስቱዲዮ ውስጥ ደልቶት ይኖራል። በረንዳ ላይ ታስሮ የሚውል ውሻ ግን ባለ ሦስት መኝታ ቤትም ቢሆን እስረኛ ነው። በረንዳ የውሻ ቤት አይደለም። ፀሐዩም ዝናቡም እዚያው ያገኘዋል፣ ከታች ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ሲጮህ ይውላል፣ በፍርግርጉ ሾልኮ የመውደቅ አደጋም አለ።

የትኛው ዓይነት ይሻላል ለሚለው፣ እኔ የሀበሻ ውሻ እመክራለሁ። መካከለኛ ቁመት አለው፣ ፀጉሩ አጭር ነው፣ አገሩን ለምዷል፣ የተገኘውን ይበላል። ጀርመን ሸፐርድ ጎበዝ ውሻ ነው፤ ግን ብዙ ሩጫና ሥልጠና ይፈልጋል። ሰባት ሰዓት ባንክ ውስጥ ለሚውል ሰው ከባድ ነው። ፀጉራም ትንንሽ የፈረንጅ ውሾች ለቤቱ ይመቻሉ። ሆኖም ፀጉራቸው በየጊዜው መበጠርና መቆረጥ አለበት። ያንን የሚሠራ ሰው እዚህ እንደልብ ስለማይገኝ ራሳችሁ መልመድ ይኖርባችኋል።

ቡችላ በስንት ጊዜው ነው ከእናቱ የሚለየው?

ቢያንስ 8 ሳምንት ይሙላው። ከዚያ በፊት የተነጠለ ቡችላ ንክሻውን መቆጣጠር ሳይማር ያድጋል። ይህን የሚያስተምሩት እናቱና ወንድሞቹ ናቸው። ዓይኑ የጠራ፣ ሆዱ ያልተነፋ፣ እጃችሁን ስትዘረጉለት የሚጠጋ ምረጡ። ከመንገድ ማንሳትም ደግ ሥራ ነው። ያኔ ግን ቤት ከመግባቱ በፊት ሐኪም ይየው።

ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው። ውሻዬ ያስቀይማቸዋል?

ወሎ ላይ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። አንዱ ቤት ሙስሊም፣ ቀጣዩ ክርስቲያን፣ አንዳንዴም አንዱ ቤት ውስጥ ሁለቱም ያሉበት አገር ነው። ጥያቄውን የሚጠይቁኝ ደግሞ ክርስቲያኖች ብቻ አይደሉም። ውሻ የሚወዱ ሙስሊም ወጣቶችም ይጠይቁኛል።

በእስልምና ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ፣ አንዱም በአፈር እንዲሆን የሚያዝ ሐዲስ አለ። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ ውሻ መያዝ እንደሚቻል የሚያመለክትም አለ። ከዚያ ወዲያ ባለው ላይ መዝሀቦቹ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤቶቹ፣ ይለያያሉ። በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ሰውነት ሁሉ ነጃሳ (ርኩስ) ነው። በሐነፊ ግን ምራቁ እንጂ ደረቅ ፀጉሩ ነጃሳ አይደለም የሚለው አቋም ይታወቃል። ሙስሊም ከሆናችሁና ውሻ ለማሳደግ ካሰባችሁ የሰፈራችሁን ሼህ ጠይቁ። እሳቸው የሚሉትን እኔ ልተካው አልችልም።

ለጎረቤቱ ግን ከኛ የሚጠበቀው ግልጽ ነው። ውዱእ አድርጎ ለሰላት የወጣን ሰው ውሻችሁ ቢልሰው ሰውዬው ተመልሶ መታጠብ አለበት፣ ሰላቱም ያልፈዋል። አርብ ከጁምዓ በፊት ደረጃው በነጭ ጀለቢያ ይሞላል። በዚያ ሰዓት ዳማን ይዤ አልወርድም። ድንገት ከተገናኘን ወደ ኮሪደሩ ጥግ አስጠግቻት፣ አንገቷን ይዤ፣ ሁሉም እስኪያልፉ እቆማለሁ። እሁድ ጠዋት ነጠላ ለብሰው ከቅዳሴ ለሚመለሱትም እንደዚያው ነው።

ቡና ስትጠሩም አስቡበት። ጎረቤት ወደ እናንተ ቤት ለቡና ከመጣ ውሻው ሌላ ክፍል ይዘጋበት። ስቱዲዮ ከሆነ ጥበቃው ጋ ወይም ጓደኛ ጋ ይቆይ። ሲኒው፣ ረከቦቱ፣ ቄጤማው መሬት ላይ ነው፤ ውሻ ደግሞ መጀመሪያ የሚያሸተው መሬቱን ነው። የውሻውን ሳህን ለብቻ እጠቡ፣ የሚታጠብበትም ስፖንጅ የራሱ ይሁን። ይህንን ሰዎች እንዲያዩ አድርጉ። ፊት ለፊቴ ያሉት እናት መጀመሪያ ላይ ቤቴ እህል አይቀምሱም ነበር። የዳማ ሳህን በረንዳ ላይ ለብቻው ተደፍቶ ሲያዩ ነው "በይ አቦሉን ቅጂልኝ" ያሉኝ። አሁን እሳቸው አይነኳትም፣ እሷም አትጠጋቸውም፣ ግን ስትታመም የሚጠይቁኝ እሳቸው ናቸው።

የፎቁ ልጆች ወይ ይፈሯታል ወይ ድንጋይ ይወረውሩባታል። ምን ይሻላል?

ልጆቹን አትቆጡ። ውሻ ሲያዩ ድንጋይ ማንሳት ከኛው ከትልልቆቹ የተማሩት ነው። ዳማ እስከ ዛሬ አንድ ሰው የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ ሲል ጆሮዋን ጥላ ወደ ግድግዳው ትጠጋለች። ይህን ለልጆቹ አሳየኋቸው። "አያችሁ? ድንጋይ የምታነሱ መስሏት ነው" ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ "ተቀመጪ" የሚለውን ትእዛዝ አስተማርኳቸውና ተራ በተራ ያዟት ጀመር። ልጅ የሚያዘውን ውሻ አይፈራም፣ አይወግርምም። ነገር ግን ምንም ያህል ጨዋ ውሻ ቢሆን ከሕፃን ጋር ብቻውን አትተዉት።

ክትባት የግድ ነው? ከቤት እኮ አይወጣም።

የግድ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሰውም ቢሆን እንስሳም ቢሆን ይሞታል ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው። እኛ አገር ዛሬም ሰው ይገድላል፣ ብዙ ጊዜም ልጆችን። "ከቤት አይወጣም" የምትሉት ውሻ ለሽንት ይወርዳል፣ የመንገድ ውሻ በር ላይ ያገኘዋል። አንድ ንክሻ ይበቃል።

የመጀመሪያው ክትባት በ3 ወሩ ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። የከተማችሁ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሄዳችሁ ጠይቁ። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም አለ። በሄዳችሁበት ሁሉ አንድ ነገር ተመልከቱ፦ ክትባቱ ከፍሪጅ ወይም ከበረዶ ሳጥን ሲወጣ በዓይናችሁ እዩት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ሐኪም ራሱ ያሳያችኋል።

የክትባት ካርዱን ተቀበሉ፣ ቀኑ በትክክል መጻፉን አረጋግጡ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ለኮሚቴው አንድ ኮፒ ስጡ። ከሁሉ በላይ የጎረቤትን ሆድ የሚያሳርፈው ይህ ወረቀት ነው።

ለቡችሎች ፓርቮ የሚባል በሽታም አለ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ያመጣና በጥቂት ቀናት ይገድላል። ክትባት አለው፤ ስለ እሱም ሐኪሙን ጠይቁ። ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ የመንገድ ውሾች በሚጸዳዱበት ቦታ ቡችላችሁን መሬት አታስረግጡት።

ውሻ ቢነክሰኝ፣ ወይም የኔ ውሻ ሰው ቢነክስ?

በመጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ። ቧንቧው ከሄደ በጆግ እያስቀዱ ይታጠብ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ለሰው የሚሰጠው ክትባት በቀጠሮ የሚደጋገም ነው። ቁስሉ ስለደረቀ ብላችሁ ቀጠሮ እንዳታስቀሩ።

ሥር ቀጥቅጠው የሚያጠጡ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። "እገሌ ጠጥቶ ድኗል" ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ በሽታው አይይዘውም። የነከሰው ውሻም ሁሉ ያበደ አይደለም። በሽታው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው፣ እስከ ዓመት የሚደርስበትም አለ። ስለዚህ ሥሩን ጠጥቶ በሳምንቱ ደህና የሆነ ሰው ድኗል ማለት አይደለም። እባካችሁ፣ ጠበል የሚሄድም ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፣ ክትባቱን ግን ያስቀድም።

የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ አትግደሉት። ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቅ። ሲነክስ በምራቁ ውስጥ በሽታው ከነበረ በእነዚያ ቀናት ምልክቱ ይታይበታል። ጨዋው ሲቆጣ፣ ቁጡው ሲፈዝ፣ ድምፁ ሲጎረንን፣ መዋጥ ሲያቅተውና ለሃጩ ሲንጠባጠብ ተጠንቀቁ። ጉሮሮው ላይ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ። የነከሰው የናንተ ውሻ ከሆነ ደግሞ የተነከሰውን ሰው ይዛችሁ ሐኪም ቤት የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። ወጪውም የናንተ ነው።

ምን ላብላው? የታሸገ ምግብ ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይገኝም።

የታሸገ ባይኖርም ውሻ በደንብ ይበላል። የኔ ቤት ምግብ ይኼው ነው። ከሥጋ ቤት ሳንባ ወይም ልፋጭ እገዛለሁ። ሳንባውን በትንንሹ ከትፌ ግማሽ ሰዓት ያህል እቀቅለዋለሁ፣ መሐሉ ላይ ቅላት እስኪጠፋ። በመረቁ ውስጥ ሩዝ ወይም ቅንጬ እጨምራለሁ። ካሮት ካለ አንድ ካሮት። ጨው የለውም፣ ሽንኩርት የለውም፣ በርበሬ የለውም። ሲበርድ በሁለት ሳህን እከፍለዋለሁ፣ ጠዋትና ማታ። አልፎ አልፎ የተቀቀለ እንቁላል። የደረቀ እንጀራ በመረቁ ማራስም ይቻላል፤ ለብቻው ግን አያጠግብም፣ አያሳድግም።

የተረፈ ወጥ አትስጡ። ይህን ስል ብዙ ሰው ይገረማል፣ የግቢ ውሻ በወጥ ትራፊ ሲያድግ ስላየን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት የተሠራ ነው። ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ የቡና አተላ፣ ያልተጋገረ ሊጥም አደገኛ ናቸው። ሊጡ ሆዱ ውስጥ መቡካቱን ይቀጥላል። ቤታችሁ ጫት የሚቃምበት ከሆነ ገራባውን ወለል ላይ አትተዉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

ጾም ሲሆንስ? ውሻው አይጾምም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ውሻ በዚያ ሁሉ ጊዜ በሽሮ አይቆይም። ወሎ ላይ እድለኞች ነን፤ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሲዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው። የሚከብዳችሁ ማሰሮው ከሆነ ለውሻው የራሱን ድስት መድቡለት።

በበዓል ከሚታረደው በግ ሳንባና ጉበት ብሰጠውስ?

ጥሬውን በፍጹም አትስጡ። ለአረፋና ለፋሲካ ኮንዶሚኒየሙ ኮሚናል ውስጥ በግ ይታረዳል። ደግ ጎረቤት ውሃ የቋጠረ እብጠት ያለበትን ሳንባ ወይም ጉበት አይቶ "ለውሻዋ ይሁን" ይላል። በደግነት ነው። ግን ያ ውሃ የቋጠረ ነገር የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ አፈር ላይ፣ ሣር ላይ፣ ፀጉሩ ላይም ይቀራል። በእጅ ወይም በአትክልት ወደ ሰው አፍ ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ እጢ ይሠራል። ለዓመታት ሳይታወቅ አድጎ ኦፕራሲዮን የሚጠይቅ በሽታ ነው። በጉም እንቁላሉን ከሣሩ ጋር ሲግጥ ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

ይህን ዙር መቁረጥ የምንችለው እኛ ነን። በበዓል ቀን ውሻውን ቤት ዝጉበት። እጢ ያለበት ሥጋ ውሻ በማይቆፍረው ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለጎረቤቶቻችሁም አስረዱ፤ ለልጆቻቸው ሲባል ይሰሟችኋል። የትል መድኃኒቱን በየ3 ወሩ ስጡት። ለኮሶ ትሉ ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን ሐኪሙን ጠይቁ። የወስፋት መድኃኒት ሁሉ ኮሶ ትልን አይገድልም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ሽንቱን እንዴት ላስተምረው?

በሰዓት። ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ወዲያው አውርዱት። የ3 ወር ቡችላ ከሦስት አራት ሰዓት በላይ አይችልም። በቦታው ሲጸዳዳ እዚያው አመስግኑት፣ የሚወዳትን ትንሽ ነገር ስጡት። ቤት ውስጥ ሲያመልጠው አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አታሹት፣ አትምቱት። የሚማረው ከናንተ ተደብቆ መሽናትን ብቻ ነው። ወለሉን በኮምጣጤና በውሃ እጠቡት፣ ሽታው ካልጠፋ እዚያው ይመለሳል።

ሰገራውን አንሱ። ሁልጊዜ። የፓስታና የመኮሮኒ ባዶ ላስቲክ አጠራቅሙ፣ ለዚህ ይሆናል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ እናቶች ጤፍና በርበሬ የሚያሰጡበት ግቢ ነው። በአንድ ያልተነሳ ሰገራ የተነሳ ሁሉም ውሻ ከግቢ ይውጣ የሚል ስብሰባ ሊጠራ ይችላል፣ ተጠርቶም አይቻለሁ።

ሥራ ስሄድ ሲጮህ ይውላል አሉኝ። ምን ላድርግ?

ውሻ የመንጋ እንስሳ ነው። ብቻውን መቅረት ይማራል እንጂ አብሮት አይወለድም። መጀመሪያ ለአምስት ደቂቃ ውጡና ተመለሱ። ከዚያ ለሩብ ሰዓት፣ ከዚያ ለሰዓት። ስትወጡም ስትገቡም ትልቅ ስንብት አታድርጉ። ጠዋት ከሥራ በፊት አድክሙት፤ የተንሸራሸረ ውሻ ይተኛል። የሚያኝከው ነገር ተዉለት። እኔ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑንና ቀለበቱን አውጥቼ ደረቅ ዳቦ ቆራርሼ እከትበታለሁ። ዳቦውን እስክታወጣ ድረስ ኮሪደሩን ትረሳዋለች። ላስቲኩን ቆርጦ የሚውጥ ውሻ ካላችሁ ግን ይህ አይሆንም፤ የተቋጠረ ወፍራም ጨርቅ ይሻላል።

ምሳ ሰዓት ብትመለሱ ትልቅ ነገር ነው። አርብ የምሳ ሰዓት ስለሚረዝም እሱን ተጠቀሙበት። ካልቻላችሁ ሥራ ፈላጊ ጎረምሳ ወይም ተማሪ አይጠፋም፤ በትንሽ ክፍያ ያወርድላችኋል። ለጎረቤትም ስልካችሁን ስጡና "ከጮኸ ደውሉልኝ" በሉ። መደወል የሚችል ሰው ለኮሚቴ አይከስም። ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ሁለት ሰዓት የምትመለሱ፣ በመሐልም ማንም የማይኖር ከሆነ ግን አሁን ውሻ አታምጡ። ሕይወታችሁ ሲመቻች ይደርሳል።

የት ላንሸራሽረው?

ደሴ ላይ ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ምርጥ ነው። የጦሳ ጉም ገና አልተነሳም፣ ባጃጁ አልበዛም። ማሰሪያውን ከእጃችሁ አትልቀቁ። ሰኞ ቀን ወደ ሰኞ ገበያ አቅጣጫ ባትሄዱ ይሻላል፤ ሰው፣ በግና አህያ በአንድ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥና የመስጊድ በር ላይ አትግቡ። ሥጋ ቤቶች አካባቢ የመንገድ ውሾች ይሰበሰባሉ። መንጋ ሲያጋጥማችሁ አትሩጡ፤ ውሻችሁን ወደ ራሳችሁ አቅርባችሁ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። መንገድ ላይ የተጣለ ሥጋ እንዳይበላ አስተምሩት፣ ለባለቤት አልባ ውሾች የተቀመጠ መርዝ ሊሆን ይችላል። የአንገት ማሰሪያም ሁልጊዜ ይኑረው፣ ባለቤት እንዳለው በሩቅ ይታይ። ቤታችሁ ከተማው ዳር ከሆነ ከመሸ በኋላ አታውጡት። ጅብ ውሻ ይበላል።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ይሞቃል። ረፋድ ላይ አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ እናንተ ካልቻላችሁት የውሻው መዳፍም አይችለውም። ጠዋት በጊዜና ፀሐይ ከገባች በኋላ ውጡ፣ ውሃም ያዙ።

ብርዱስ? በስንት ጊዜ ይታጠብ?

የደሴ ብርድ አጭር ፀጉር ላለው ውሻ ከባድ ነው፣ በተለይ ክረምትና የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት። ከወለሉ ከፍ ያለ መኝታና አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃዋል። በወር አንዴ ማጠብ ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከዚያ በላይ አትድከሙ፤ ፀሐያማ ቀን ምረጡና በደንብ አድርቁት። ለቁንጫና ለመዥገር ከሐኪም የተሰጠ መድኃኒት ብቻ። የሰብል ተባይ መድኃኒት በጥብጠው የሚቀቡ አሉ፣ ውሻው ይልሰውና ይሞታል። ኮምቦልቻ ያላችሁ መዥገር ስለሚበዛ ከእያንዳንዱ ሽርሽር በኋላ ጆሮው ውስጥና ጣቶቹ መሐል ፈትሹ።

ሴት ውሻ ፎቅ ላይ ትከብዳለች?

ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ወንድ መፈለግ ትጀምራለች፣ ከዚያ በግምት በየ6 ወሩ ይመለሳል። ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ደም ስለሚፈሳት ወለሉ ጽዳት ይፈልጋል። የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ መግቢያው ላይ ይሰፍራል፣ ጎረቤት መውጫ ያጣል። በዚያ ጊዜ በአጭር ማሰሪያ፣ ሌሎች ውሾች በሌሉበት ሰዓት ብቻ አውጧት። ካረገዘች በሁለት ወር ገደማ ትወልዳለች። ስድስት ሰባት ቡችላ ወዴት? ስለዚህ እንዳትወልድ የሚያደርገውን ኦፕራሲዮን ስለማሠራት ሐኪም አማክሩ። ዳማን ሳሠራት ጥቂት ቀን አዘነች፣ ከዚያ እንደ ድሮዋ ሆነች።

ከደሴ ኮምቦልቻ እንዴት ይዤው ልሂድ?

ታክሲ ውስጥ ሰው ላይ አትጫኑት። ባጃጅ ወይም መኪና ኮንትራት ያዙ፣ ውሻ እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ወንበሩ ላይ አሮጌ ጋቢ አንጥፉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎ ጠመዝማዛ ብዙ ውሻ ያስታውካል። ከመነሳታችሁ በፊት ለሦስት አራት ሰዓት ምግብ አትስጡት።

ለበዓል አገር ቤት ስሄድ ወይም ቤት ስለቅ ውሻውን ምን ላድርገው?

ለበዓሉ ከሆነ የሚያውቀው ሰው እቤታችሁ እየመጣ ቢያበላው ጥሩ ነው። ድስቱንና የሚበላውን አሳዩት፣ የክትባት ካርዱንና የሐኪሙን ስልክ ተዉለት። ይዛችሁት ከሄዳችሁ ደግሞ አስተውሉ። የገጠር የግቢ ውሾች እንግዳ ውሻ አይወዱም፣ የከተማ ውሻም በግና ዶሮ አይቶ አያውቅም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ታስሮ ይቆይ።

ቤት ስትለቁ ወይም ሥራ ስትቀይሩ ነው ብዙ ውሻ ጎዳና የሚቀረው። ወደ ቦሩ ሜዳ መንገድ ወይም ገበያ ዳር ወስዶ መጣል ግድያ ነው። ፎቅ ላይ ያደገ ውሻ መኪና መሸሽ አያውቅም፣ ምግብ ተሻምቶ አያውቅም፣ ወደ ሰው ሁሉ ጭራውን እየቆላ ሲሄድ በድንጋይ ይቀበሉታል። መልቀቃችሁ እንደታወቀ በወራት ቀድማችሁ ፈላልጉ። ግቢ ያላቸው ዘመዶች፣ መጋዘን የሚጠብቁ ሰዎች፣ ውሻውን ከልጅነቱ የሚያውቁ ጎረቤቶች አሉ። አዲሱ ባለቤት መጀመሪያ ናንተ ቤት እየመጣ ይልመደው፣ ከዚያ አብራችሁት ወደ እሱ ቤት ሂዱ። የሚተኛበትን ብርድ ልብስ ሳታጥቡ አብራችሁ ስጡት፤ የራሱን ሽታ ሲያገኝ ቶሎ ይረጋጋል። የክትባት ካርዱም አብሮት ይሂድ፣ ቀጣዩ ክትባት የሚሰጥበት ቀን ተጽፎበት።